ግሪጎሪ ፒንከስና የእንቁላሏ ሰዓት

እኛ የአርት ፋኩልቲ ልጆች ስለ እንስሳት እንቁላል ስንጽፍ፣ የሳይንስ ወንድሞቻችን ሳይስቁብን እንደማይቀሩ እናውቃለን። ሆኖም ታሪኩ የቤተ ሙከራ ብቻ ሳይሆን የሰውም ነውና ይታገሡን። ዓመቶቹን በአውሮፓ አቆጣጠር እንቈጥራለን።

ግሪጎሪ ፒንከስ በ1903 ዓ.ም. በአሜሪካ፣ በኒው ጀርሲ፣ የአይሁድ ስደተኞች በሠፈሩባት ዉድባይን በምትባል የእርሻ መንደር ተወለደ። በኮርኔል ተምሮ፣ በ1927 ከሃርቫርድ የዶክተርነት ማዕርግ ተቀብሎ፣ በኋላም በዚያው አስተማሪ ሆነ።

የፒንከስ ጥያቄ ይህ ነበር፤ የአጥቢ እንስሳ እንቁላል ከእናቲቱ አካል ወጥታ በብርጭቆ ውስጥ ልትበስል ትችላለችን? ይህች እንቁላል እንደ ዶሮ እንቁላል አይደለችም፤ በዐይን ለማየት የምታስቸግር ነጥብ ናት፤ እናቲቱም ከመወለዷ ጀምሮ በሆዷ ተኝታ ትቈያለች። በ1935 ፒንከስና ኤንዝማን የጥንቸል እንቁላል አውጥተው በተስማሚ ፈሳሽ ውስጥ ቢያኖሯት፣ ማንም ሳይቀሰቅሳት በራሷ ነቃች። እንግዲህ አስተኝቷት የኖረው በአካል ውስጥ የከበባት ነገር ኖሯል። ይህ ግኝት እስከ ዛሬ ጸንቶ ይኖራል።

ዳሩ ግን ፒንከስ የጥንቸል እንቁላልና ዘር ከአካል ውጭ አገናኘሁ ማለቱ ጋዜጦችን አስጮኸ፤ ሰውን በጠርሙስ ሊያበቅል ነው ተባለ። ሃርቫርድም ቋሚ ቦታ አልሰጠውም። በ1938 ሃድሰን ሆግላንድ ወደ ክላርክ ዩኒቨርሲቲ ጠራው፤ በ1944 ሁለቱ ሆነው በማሳቹሴትስ የራሳቸውን የምርምር ድርጅት አቋቋሙ። ከቻንግና ከሌሎች ባልደረቦቹ ጋር የደከመበት የወሊድ መከላከያ ክኒን በ1960 በአሜሪካ ሲፈቀድ ስሙ በዓለም ተጠራ። በ1967 በቦስተን ዐረፈ።

ነገር ግን አንድ ስሕተት ትቶ ነበር። በ1939 የሰው እንቁላል በ12 ሰዓት ትበስላለች ብሎ ጽፎ፣ የሊቅ ቃል ነውና ታመነ። እንግሊዛዊው ሮበርት ኤድዋርድስ ግን በ12 ሰዓት ያልበሰለችውን እንቁላል ሳይጥል ጠበቀ፤ በ1965ም 36 ሰዓት ያህል እንደሚያስፈልጋት አስታወቀ። በዚያው ዓመት የላምንም እንቁላል መረመረ።

ዛሬ ከቄራ ከሚገኝ የላም እንቁልጢ እንቁላል ተመጥጣ ትወጣለች። ጨው፣ ስኳር፣ የደም ውሃና ሆርሞን ባለበት ፈሳሽ ውስጥ፣ በላም የሰውነት ሙቀት ልክ፣ በ38.5 ዲግሪ ገደማ ትቀመጣለች። የፈሳሹ ኮምጣጣነት እንዳይለወጥ አየሩ 5 በመቶ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይጨመርበታል። ከ22 እስከ 24 ሰዓት ይጠብቋታል፤ ቢቸኩሉ ጥሬ ናት፣ ቢዘገዩ ታረጃለች።

ፒንከስ በትልቁ ነገር ልክ ነበር፤ በሰዓቱ ተሳሳተ። እኛም የመምህሮቻችንን ማስታወሻ በአክብሮት እንቀበል፤ ሰዓቱን ግን ራሳችን እንቍጠር።