ሁሉን ሳይቈጥር ቍጥሩን ያገኘ ሊቅ

ፒየር ሲሞን ላፕላስ በ1749 ዓ.ም. (በዚህ ጽሑፍ ያለው ዘመን ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ነው) በፈረንሳይ አገር በኖርማንዲ ተወለደ። አባቱ ካህን እንዲሆንለት ተመኝቶ ነገረ መለኮት እንዲማር ቢልከውም፥ ልቡ በሒሳብ ስለ ተማረከ ወደ ፓሪስ ገሠገሠ። ገና በ24 ዓመቱ የሳይንስ አካዳሚ አባል ሆነ። ስለ ሰማይ አካላት እንቅስቃሴ የጻፈው ባለ አምስት ቅጽ መጽሐፍ እጅግ አስመስግኖታል። እኔ ግን ለዚህ መጽሔት የመረጥሁት ስለ ቈጠራ የሠራውን ነው።

በዚያ ዘመን የፈረንሳይን ሕዝብ ቤት ለቤት ዞሮ መቍጠር ብዙ ገንዘብና ብዙ ድካም የሚጠይቅ ነበር። የሚወለዱት ሕፃናት ግን በየቦታው ይመዘገቡ ነበር። ስለዚህ በ1802 ዓ.ም. በላፕላስ ጥያቄ በ30 ክፍላተ ሀገር ውስጥ የተመረጡ ወረዳዎች ነዋሪዎች ብቻ ተቈጠሩ፤ 2,037,615 ሰዎችም ተገኙ። በእነዚሁ ወረዳዎች በ3 ዓመት ውስጥ የተወለዱት 215,599 ነበሩ። እንግዲህ በዓመት ለሚወለድ አንድ ሕፃን ከ28 የሚበልጡ ነዋሪዎች አሉ ማለት ነው። በመላው አገር በየዓመቱ አንድ ሚሊዮን ያህል ቢወለድ፥ ሕዝቡ ከ28 ሚሊዮን በላይ ይሆናል።

ከሁሉ የገረመኝ ከዚህ በኋላ ያደረገው ነው። ቍጥሩን አግኝቶ አላረፈም፤ ግምቱ ከእውነተኛው ምን ያህል ሊርቅ እንደሚችልም አሰላ።

ላፕላስ በ1827 ዓ.ም. ፓሪስ ላይ ሞተ። ዛሬ ይኸው ስሌት የሚሠራው ይልቁን ለእንስሳት ነው። ዴንማርካዊው ሊቅ ፒተርሰን በ1896 ዓ.ም. ባወጣው ጽሑፍ በሊምፍዮርድ ወሽመጥ ስለሚገኙ ዓሦች ምልክት አድርጎ መልቀቅን ገለጸ። አሜሪካዊው ሊንከንም በ1930 ዓ.ም. በእግራቸው ቀለበት በታሰረላቸው ዳክዬዎች ተጠቀመ። ነገሩ እንዲህ ነው፤ ከአንድ ሐይቅ 100 ዓሦች ተይዘው ምልክት ተደርጎባቸው ይለቀቃሉ እንበል። ቈይቶ 80 ሲያዙ ምልክት ያላቸው 20 ቢሆኑ፥ ከአራቱ አንዱ ምልክት አለው፤ ስለዚህ በሐይቁ ያሉት 400 ያህል ናቸው። በላፕላስ ስሌት የልደት መዝገብ የያዘውን ቦታ እዚህ ምልክቱ ይይዛል።

ዳሩ ግን ምልክቱ ቢወድቅ፥ ወይም አንድ ጊዜ የተያዘው ዓሣ መረቡን መሸሽ ቢማር፥ ምልክት ያላቸው ጥቂት ሆነው ይገኛሉ፤ ግምቱም ያለ ልክ ያብጣል። ያን ጊዜ ዓሣው ተርፏል ተብሎ ያለ ገደብ ይጠመዳል፤ ሐይቁም ባዶ እየሆነ መሄዱ የሚታወቀው መረቡ ባዶውን ሲወጣ ነው።