አበበ ቢቂላ ከሮም በፊት

የታላላቅ ሰዎችን ታሪክ ስናነብ ብዙውን ጊዜ ዓይናችን የሚያርፈው በድሉ ቀን ላይ ነው፤ ከድሉ በፊት ያለፉትን ዓመታት ግን እንዘላቸዋለን። እኔም የሻምበል አበበ ቢቂላን ስም ከሕፃንነቴ ጀምሮ እየሰማሁ ባድግም፥ የማውቀው በሮም ከተማ በባዶ እግሩ ሮጦ ማሸነፉን ብቻ ነበር። ከጓደኞቼም ብዙዎቹ ነገሩን የዕድል ሥራ አድርገው ይቆጥሩታል፤ አንድ የማይታወቅ ወታደር በድንገት ተመርጦ ሄደ፥ በድንገትም አሸነፈ ይላሉ። ባለፈው ዓመት በትምህርት ቤታችን ሩጫ 2ኛ በወጣሁ ጊዜ እኔም ዕድሌ አይደለም ብዬ ዳግመኛ ላልሮጥ ወስኜ ነበር። ይህን ሐሳቤን ያስለወጠኝ የአበበን የወጣትነት ታሪክ መረዳቴ ስለ ሆነ፥ የተረዳሁትን በአጭሩ ላካፍላችሁ ተነሣሁ።

እኔ የመንዝ ልጅ ነኝ፤ ያደግሁትም በጓሳ አጠገብ ነው። ጓሳ ከባሕር ወለል በላይ ከ3,200 ሜትር የሚበልጥ ከፍታ ያለው ብርዳም ደጋ ሲሆን፥ ስሙም የሣሩ ስም ነው። አባቶቻችን ይህን ሣር ለቤት ክዳንና ለገመድ ይፈልጉታል። ይሁን እንጂ እንደ ልብ አይታጨድም ነበር። ቦታው 3፥ አንዳንድ ጊዜም እስከ 5 ዓመት ድረስ ከከብትና ከማጭድ ተዘግቶ ይጠበቅ ነበር። ሣሩ በሚገባ መድረሱ ከታየ በኋላ ቀን ተቈርጦ ይከፈት ነበር። የአበበ ነገርም እንደዚሁ ነው፤ ዓለም ያየው የአጨዳውን ቀን ነው።

አበበ ከእኛ አገር ወደ ደቡብ፥ በቀድሞው የሸዋ ጠቅላይ ግዛት፥ ጃቶ በምትባል መንደር ነሐሴ 1 ቀን 1924 ዓ.ም. ተወለደ። የሚያስገርመው፥ በዚያው ዕለት በአሜሪካ በሎስ አንጀለስ ከተማ የኦሊምፒክ ማራቶን ይካሄድ ነበር። እናቱ ወይዘሮ ውድነሽ በነበሩ ይባላሉ። ገና የ3 ዓመት ልጅ ሳለ የፋሺስት ኢጣልያ ጦር አገራችንን ስለ ወረረ፥ ቤተ ሰቡ ቀዬውን ለቅቆ ጎሮ ወደሚባል ሩቅ ስፍራ ለመሰደድ ተገደደ። ዘመኑ ሲያልፍ ተመልሰው እርሻቸውን ያዙ። አበበም እንደ ባላገር ልጅ ሁሉ የገና ጨዋታ እየተጫወተ አደገ። የገና ጨዋታ ሜዳውን እየሮጡ ሩር ማሳደድ መሆኑን የእኛ አገር ልጆች ሁሉ እናውቃለን።

በ1943 ዓ.ም. ገደማ ወደ አዲስ አበባ ሄዶ በተከታዩ ዓመት በክብር ዘበኛ ጦር ውስጥ ወታደር ሆነ። ዕድሜው ወደ 20 ተጠግቶ ነበር። በዚያው በ1944 ዓ.ም. ክረምት፥ የቼኮስሎቫኪያው ኤሚል ዛቶፔክ በሄልሲንኪ ማራቶንን በ2 ሰዓት ከ23 ደቂቃ ከ3 ሰከንድ ፈጽሞ የኦሊምፒክ ክብረ ወሰን አቆመ። ይህን ወሰን ከጥቂት ዓመታት በኋላ የሚሰብረው ሰው በዚያን ጊዜ ተራ ወታደር ነበር።

ሻለቃ ኦኒ ኒስካነን የተባሉ ስዊድናዊ አሠልጣኝ የክብር ዘበኛን ጦር የአካል ማጠንከሪያ ትምህርት ያስተምሩ ነበር። አበበ ከሱሉልታ ኮረብታዎች አዲስ አበባ ድረስ በየቀኑ እየሮጠ ሲመላለስ አይተው ለማራቶን ያዘጋጁት ጀመር። የሆነ ሆኖ ፍሬው ቶሎ አልታየም። በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1956 ዓ.ም. በተደረገው የጦር ኃይሎች ውድድር የቀደመው ዋሚ ቢራቱ ነበር፤ አበበ 2ኛ ወጣ። በዚያው ዓመት ኢትዮጵያ ለመጀመሪያ ጊዜ በሜልበርን ኦሊምፒክ ስትካፈልም፥ እነ ማሞ ወልዴ ሲሄዱ አበበ እዚሁ ቀረ።

ወገኖቼ ሆይ! እኔን የነካኝ ይህ ስፍራ ነው። አበበ 2ኛ በመውጣቱ ሩጫን አልተወም፤ አሠልጣኙም አልተዉትም። 4 ዓመት ሙሉ ዳገቱንና ቁልቁለቱን ሲመላለስበት ከረመ። በ1952 ዓ.ም. ክረምት አዲስ አበባ ላይ የመጀመሪያውን ማራቶን ሮጦ አሸነፈ። ከአንድ ወር በኋላ ደግሞ ያንኑ ርቀት በ2 ሰዓት ከ21 ደቂቃ ከ23 ሰከንድ ፈጸመው። አየሩ በሚሳሳበት ከፍተኛ ስፍራ ሆኖ ሳለ፥ ይህ ከዛቶፔክ ክብረ ወሰን የተሻለ ነበር። እንግዲህ አበበ ሮም ከመሄዱ በፊት ሣሩ መድረሱ ታውቆ ነበር ማለት ነው።

የሮም ውድድር የተደረገው ጳጉሜን 5 ቀን 1952 ዓ.ም. በእንቁጣጣሽ ዋዜማ ነው። አበበ ሮም ላይ የገዛው አዲስ ጫማ እግሩን ስላቆሰለው በባዶ እግሩ ለመሮጥ ቈረጠ። በአገራችን የአዲስ ዓመት ችቦ በሚለኮስበት ምሽት፥ በሮም የጥንት ጎዳና ወታደሮች ችቦ ይዘው ለሯጮቹ ያበሩ ነበር። አበበ 26 ቍጥር ከለበሰው ከሞሮኮው ራዲ ቤን አብደሰላም እንዲጠነቀቅ ተነግሮት ስለ ነበር ይህንኑ ቍጥር ሲፈልግ ቆየ። ራዲ ግን 185 ቍጥር ለብሶ አጠገቡ ይሮጥ ነበር። በመጨረሻ አበበ ፍጥነቱን ጨምሮ ተለየው፤ 42 ኪሎ ሜትር ከ195 ሜትሩን በ2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሰከንድ ፈጽሞ የዓለምን ክብረ ወሰን ሰበረ። ጥቁር አፍሪቃዊ የኦሊምፒክ ወርቅ ሲያገኝ ይህ የመጀመሪያው ነበር። በመንገዱም ፋሺስቶች ከአገራችን ወስደው በዚያ ያቆሙትን የአክሱም ሐውልት አልፏል። ያ ሐውልት በ1997 ዓ.ም. ወደ አገሩ ተመልሷል፤ በልጅነቱ በወረራ ከቀዬው የተሰደደው አበበ ግን በዚያ ምሽት ክብራችንን አስቀድሞ መልሶ ነበር።

ከዚህ በኋላ ያለውን ታሪኩን ብዙዎች ያውቁታል። ጥቅምት 11 ቀን 1957 ዓ.ም. በቶኪዮ፥ የትርፍ አንጀት ቀዶ ሕክምና ከተደረገለት 6 ሳምንት ሳይሞላው፥ ዳግመኛ አሸነፈ። መጋቢት 13 ቀን 1961 ዓ.ም. በመኪና አደጋ ሁለት እግሮቹ ሽባ ሆኑ። ጥቅምት 15 ቀን 1966 ዓ.ም. በ41 ዓመቱ ዐረፈ።

እኔም በዘንድሮው ውድድር ስሜን አስመዝግቤአለሁ። አንደኛ ልውጣ ወይም ዳግመኛ ልቅደም አላውቅም። ጠዋት ጠዋት በውርጩ ላይ ስሮጥ ግን ጓሳውን እያየሁ፥ ለመድረስ ስንት ዓመት እንደሚፈጅበት አስባለሁ፤ እግሬም አይሰንፍም።