ዋሊያን ለዓለም ሳይንስ ያስተዋወቀው ኤድዋርድ ሩፐል

ጀርመናዊው የተፈጥሮ ተመራማሪ ኤድዋርድ ሩፐል እ.አ.አ በ1794 በፍራንክፈርት ተወለደ። የባንክ ባለሀብት ልጅ ቢሆንም ከንግድ ይልቅ ምርምርን መረጠ።

በ1830ዎቹ መጀመሪያ ወደ ኢትዮጵያ መጥቶ የስሜን ተራሮችን ወጣ፤ በጎንደር ተቀመጠ፤ የጣናን ዓሣዎችም አጠና። ዋሊያንና ጭላዳን በ1835፣ ቀይ ቀበሮን በ1840 በሳይንስ መዝገብ አሰፈረ። ለሁለቱ የአገሬውን መጠሪያ ጠብቆ፣ ለቀይ ቀበሮ ደግሞ የስሜንን ስም ሰጥቶ ሳይንሳዊ ስያሜ አወጣላቸው። በ1884 በትውልድ ከተማው አረፈ።

የዱር እንስሳት ቆጠራ የሚጀምረው የሚቆጠረውን ለይቶ ከማወቅ ነው። እ.አ.አ በ1969 በተቋቋመው የስሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ባለሙያዎች በየገደሉ አፋፍ የሚቆጥሩት ዋሊያ ከኢትዮጵያ በቀር በሌላ አገር ዱር አይገኝም። ከቆጠራው የጎደለውን የሚተካ ሌላ ምድር የለም።