አቡ ሩሚ፦ ቃሉን በአማርኛ ያስነበቡን ጎጃሜ

አሥረኛ ዓመታችንን በምናከብርበት በዚህ መጽሔት ስለ አንድ ስደተኛ ወገናችን ጥቂት ለመጻፍ ተነሥተናል። ሰውየው ስማቸው በመጻሕፍት ይገኛል እንጂ በየቤታችን ሲነሣ እምብዛም አይሰማም።

አባቶቻችን ሲያስተምሩ እግዚአብሔር ራሱን ለሰው የገለጠው በደረጃ ነው ይላሉ። በሕገ ልቡና፣ ማለትም በኅሊናና በፍጥረት፤ ቀጥሎ በሕገ ኦሪት በነቢያት አድሮ፤ በመጨረሻም በሕገ ወንጌል በልጁ ሥጋ መልበስ። ነገር ግን ከዚህ በኋላ አንድ ጥያቄ ይቀራል። የተገለጠው ነገር ባልገባን ቋንቋ ቢነበብልን ለእኛ ተገልጧል ማለት ይቻላልን? በበዓለ ኀምሳ የተሰበሰበው ሕዝብ ሁሉ በየቋንቋው መስማቱ ያለ ምክንያት አልነበረም። በአገራችንም መጽሐፍ ቅዱስ በአክሱም ዘመን ወደ ግዕዝ ሲተረጐም ግዕዝ የሕዝቡ መነጋገሪያ ነበር። ግዕዝ ከገበያና ከቤት ሲወጣ ግን ቃሉ በሊቃውንት እጅ ቀረ። በጉባኤ ቤት አንድምታው በአማርኛ ይነገር ነበር፤ ገበሬውና ባልቴቷ ግን ጉባኤ ቤት አይገቡም።

አቡ ሩሚ በ1750 (ዓመቶቹን እንደ ፈረንጆች አቈጣጠር ነው የምንጽፈው) ገደማ በጎጃም ተወለዱ። አንዳንድ ጸሐፍት አባ አብርሃም ይሏቸዋል። እንደሚነገረው ጎንደር የገባውን ስኮትላንዳዊ ተጓዥ ጀምስ ብሩስን ያውቁ ነበር። ወደ ኢየሩሳሌም ተሳልመው በሶርያ፣ በአርመንና በፋርስ በኩል እስከ ህንድ ዘልቀዋል፤ እዚያም ታዋቂውን የቋንቋ ሊቅ ሰር ዊሊያም ጆንስን አስተምረዋል ይባላል። ያን ሁሉ መንገድ ያለ አውሮፕላን መሆኑን ልብ ይሏል።

ሃምሳ ዓመት አልፏቸው፣ ታመውና አቅም አጥተው ካይሮ ላይ ወደቁ። በዚያ የፈረንሳይ ቆንስላ ሹም የነበረው አስላን ደ ሸርቪል አግኝቶ አስታመማቸው። ሲያገግሙም መጽሐፍ ቅዱስን በሙሉ ወደ አማርኛ እንዲተረጕሙ ተስማሙ። ሥራው አሥር ዓመት ፈጀ። በሳምንት ሁለት ቀን፣ ማክሰኞና ቅዳሜ፣ የሹሙ በር ለእንግዳ ሁሉ ይዘጋ ነበር። ከዐረብኛው እያነበቡ፣ ከባዱን ቃል ደግሞ በዕብራይስጡ፣ በሱርስቱና በግሪኩ እያመሳከሩ፣ አቡ ሩሚ በእጃቸው 9,539 ገጽ ጻፉ። እኛ ለአገር ቤት አንድ ገጽ ደብዳቤ ለመጻፍ ስንት ወር እንደምናመነታ እናውቃለን!

ሥራው ካለቀ በኋላ እንደገና ኢየሩሳሌምን ተሳለሙ። ወደ ካይሮ ሲመለሱ ወረርሽኝ ገድሏቸው በሰው አገር ቀሩ። የጻፉት ሲታተም አላዩም። በ1820 የእንግሊዝ ሚሲዮናዊ ዊሊያም ጆዌት ጥራዙን ለመጽሐፍ ቅዱስ ማኅበር በ1,250 ፓውንድ ገዛው። ለንደን ላይ ቶማስ ፔል ፕላት እያረመው አራቱ ወንጌላት በ1824፣ ሐዲስ ኪዳን በ1829፣ መላው መጽሐፍ ቅዱስ በ1840 ታተመ። ገንዘቡ ለሹሙ ተከፈለ፤ ምስጋናውም ለብዙ ዘመን ለፈረንጆቹ ሆነ። ይህ ያሳዝነናል።

ትርጕሙ እንከን አልነበረውም አንልም። ከአገርና ከጉባኤ ርቆ፣ ከዐረብኛ የተሠራ በመሆኑ የሊቃውንቱ አነጋገር ያልገባበት ቦታ ነበረው። ኋላ ክራፕፍ ከደብተራ ዘነብ ጋር አርሞት በ1886 እንደገና ታትሟል። ከዚህም በላይ መጽሐፉ ከሚሲዮን እጅ ስለ መጣ ካህናቱ በጥርጣሬ አዩት። ጥርጣሬያቸውን አናጣጥልም፤ ንባብ ያለ ትርጓሜ ያስታል ብለው ይፈሩ ነበር፣ ፍርሃቱም ምክንያት አለው። ሆኖም ሳሙኤል ጎባት በ1830ዎቹ ወንጌሉን ይዞ ሲዞር ማንበብ የሚችለው ሰው በሚናገርበት ቋንቋ የሚነበብ መጽሐፍ አገኘ። አንድምታውም ቢሆን በአማርኛ መነገሩ፣ መረዳት የሁሉም ፍላጎት መሆኑን ያሳያል።

ነገሩን እዚህ ኬንት ያነሣነው ያለ ነገር አይደለም። ዛሬ በአንድ ቤት ሦስት ቋንቋ አለ። አያት ቅዳሴውን በግዕዝ ትሰማለች፤ እናት መዝሙረ ዳዊትን በአማርኛ ትደግማለች፤ ልጅ ደግሞ አማርኛውን ሳይረዳ እንግሊዝኛውን ይገልጣል። ልጆቹ በእንግሊዝኛ ይማሩ የሚሉ ወላጆች አሉ፤ አማርኛው ከጠፋ ሃይማኖቱም ይጠፋል የሚሉም አሉ። በኛ በኩል ለሁለተኞቹ ልባችን ቢያደላም፣ አቡ ሩሚ ራሳቸው አማርኛን ያገለገሉት ግዕዝን ንቀው እንዳልነበረ እናስባለን። ክርክሩ በሚቀጥለው ስብሰባችን ይነሣል ብለን ተስፋ እናደርጋለን፤ እስከዚያ ግን ከየቤታችሁ ያረጀ የአማርኛ መጽሐፍ ቅዱስ ያላችሁ ይዛችሁልን ኑ፤ የታተመበትን ዓመት አብረን እናያለን።