ጐተራን ያስከፈተ እረኛ፤ የባስልዮስ ዘቂሣርያ ሕይወት

ባስልዮስ ከጌታችን ልደት በኋላ በ330 ዓመት ግድም እንደ አውሮፓ አቈጣጠር፤ ዛሬ በቱርክ ግዛት ባለው በቀጰዶቅያ ከሚኖሩ ባለጸጎችና እግዚአብሔርን ከሚፈሩ ሰዎች ወገን ተወለደ። እናቱ ኤሜልያ፤ ታላቅ እኅቱም ማክሪና ይባሉ ነበር። በቍስጥንጥንያና በአቴና የንግግርን ጥበብና ፍልስፍናን ተምሮ ወደ አገሩ በተመለሰ ጊዜ፤ በዕውቀቱ ኵራት ተሰምቶት ነበር። ነገር ግን ማክሪና ገሠጸችው፤ እርሱም ምክሯን ሰምቶ የዓለምን ክብር ተወ። ወደ ግብፅ፤ ወደ ፍልስጥኤምና ወደ ሶርያ ሄዶ የመነኰሳትን ኑሮ ተመለከተ። ከተመለሰም በኋላ በኢሪስ ወንዝ አጠገብ በጸሎትና በእጅ ሥራ ተቀመጠ። በዚያው ወንዝ ዳር ወንድሙ ናውክራጥዮስ አስቀድሞ አውሬ እያደነ ረዳት የሌላቸውን ሽማግሌዎች ይመግብ ነበር። እንግዲህ በዚህ ቤት ሃይማኖትና ምጽዋት ተለያይተው አያውቁም።

ባስልዮስ ገና ቄስ ሳለ፤ በ368ና በ369 ዓመት ግድም በቂሣርያ ጽኑ ራብ ሆነ። ክረምቱ ያለ በረዶና ያለ ዝናም አለፈ፤ ምድሪቱ ተሰነጠቀች፤ ምንጮችና ወንዞችም ደረቁ። በባሕር ዳር ያሉ ከተሞች እህል ሲያጡ መርከብ ያመጣላቸዋል፤ ቂሣርያ ግን ከባሕር የራቀች ስለ ሆነች ከውጭ የሚደርስላት አልነበረም። በከተማይቱ ውስጥ እህል ፈጽሞ ጠፍቶ አይደለም፤ ባለጸጎችና ነጋዴዎች ዋጋው እስኪወደድ ድረስ ጐተራቸውን ዘግተው ይጠብቁ ነበር እንጂ።

ከሁሉ ይልቅ የተጨነቁት ልጆች ያሏቸው ድኾች ነበሩ። ባስልዮስ ሲሰብክ፤ ከልጆቹ አንዱን ለባርነት ሊሸጥ ወደ ገበያ የሚወጣውን አባት በሕዝቡ ፊት አቆመላቸው። ይህ አባት ታላቁን እንዳይሸጥ በኵሩ ነው፤ ታናሹን እንዳይሸጥ ሕፃንነቱ ያሳዝነዋል። ሁሉን ቢያስቀር ሁሉም በራብ ያልቃሉ፤ አንዱን ቢሸጥ ደግሞ በልጁ ዋጋ የተገዛውን እንጀራ ከቀሩት ጋራ እንዴት ይበላል? ባስልዮስ ይህን ሁሉ ከተረከ በኋላ፤ በዚህ አባት እንባ ፊት በዋጋ የሚከራከረውን ገዢ ገሠጸ። በጐተራ የተዘጋ እህል የራብተኛው ድርሻ መሆኑንም አስተማረ።

በቃልም ብቻ አልቀረም። ከውርሱ የቀረውን ለድኾች ሰጠ፤ የባለጸጎችንም ጐተራ በምክርና በተግሣጽ አስከፈተ። ከዚህ በኋላ በራብ የደከሙትን ወንዶችና ሴቶች፤ ሽማግሌዎችና ሕፃናት በአንድ ስፍራ ሰበሰበ። ወጥ በትላልቅ ድስት አሠርቶ፤ እርሱ ራሱ እንደ ሎሌ ታጥቆ ከረዳቶቹ ጋራ አበላቸው። የአይሁድንም ልጆች ከክርስቲያን ልጆች አልለየም። ማክሪናም በበኩሏ በራብ ምክንያት በመንገድ ወድቀው የተገኙትን ልጃገረዶች አንሥታ እንደ እናት አሳደገች።

በ370 ዓመት የቂሣርያ ጳጳስ ሆኖ ተሾመ። ራቡ ካለፈ በኋላም ችግር እንደማያልፍ ዐውቆ፤ ርኅራኄ ሥርዓትና ቤት እንዲኖራት ወደደ። ስለዚህ ከከተማው ውጭ ለእንግዶች፤ ለድኾችና ለበሽተኞች የሚሆን ብዙ ቤት አሠራ። በዚያ ሐኪሞችና አስታማሚዎች፤ የእጅ ሥራም የሚሠራባቸው ክፍሎች ነበሩ። ሰው ሁሉ ይሸሻቸው የነበሩትንም ለምጻሞች እንደ ወንድም ተቀበላቸው። አንዳንድ ሰዎች በዚህ ሥራ በአገረ ገዡ ዘንድ ቢከሱት፤ ሕንጻው ማንንም እንደማይጎዳ በደብዳቤ አስረዳ። ያ ስፍራ በስሙ ባስልያስ ተባለ። ምጽዋትም የሚታደለው በዘፈቀደ እንዳይሆን፤ በእውነት የተቸገረውን ከስስታም ለይቶ የሚያውቅ ልምድ ያለው ሰው እንዲሾምበት አስተማረ።

ሞዴስጦስ የሚባል የንጉሥ ቫሌንስ ሹም ስለ ሃይማኖቱ ሀብትህን እወርሳለሁ፤ ከአገርም አሳድድሃለሁ ብሎ ቢያስፈራራው አልደነገጠም፤ ከጥቂት ልብስና ከመጻሕፍት በቀር የሚወረስ ሀብት አልነበረውምና። ለራሱ ምንም ያልለመነው ይህ ሰው፤ በታውሮስ ተራራ ብረት የሚያወጡ ድኾች ግብር በከበደባቸው ጊዜ ግን ግብሩ እንዲቀልላቸው ለዚያው ለሞዴስጦስ ጽፎ ለመነ። ስለ መበለቶችና ስለ ተበደሉ ሰዎችም ለሹማምንት ብዙ ደብዳቤ ጽፏል።

ባስልዮስ ሰውነቱ በደዌ የደከመ ነበርና በ379 ዓመት መባቻ፤ ዕድሜው ሃምሳ ሳይሞላ ዐረፈ። ለቀብሩ ከክርስቲያኖች ጋራ አይሁድና አረማውያንም እያለቀሱ ወጡ። በኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን ከዐሥራ አራቱ ቅዳሴያት አንዱ በስሙ ይጠራል።

አንባቢ ሆይ፤ በአንተ ደብር አጠገብ የቤት ኪራይ ያጣች መበለት፤ ልጁን ከትምህርት ቤት ያስቀረ አባት አለን? ባስልዮስ አስቀድሞ ችግረኛውን አየ፤ ቀጥሎ የራሱን ሰጠ፤ ከዚያ በኋላ ባለጸጋውን ጠየቀ፤ በመጨረሻም ሥራው ከእርሱ በኋላ እንዳይቀር ሥርዓት አቆመ። አንድ ሰው ብቻውን ቤተሰብን ሁሉ ሊያነሣ አይችልም፤ ማኅበር ግን ይችላል። እንግዲህ በሰንበት ከቅዳሴ ስትወጣ ወደ ቤትህ ከመግባትህ በፊት የጎረቤትህን ደጅ ተመልከት፤ ጢስ የማይወጣበት ቤት ካለም ለብቻህ አዝነህ አትለፍ፤ ለወንድሞችህ ንገርና አብራችሁ ግቡ።