ሽልማታቸውን ለእርሻ ያዋሉት ዶ/ር ፍሪድትዮፍ ናንሰን

ለዘር የተቀመጠ እህል ተበልቶ ሲያልቅ ምን ማለት እንደሆነ ለአርሶ አደር መንገር አያስፈልግም። የዘንድሮው ክፉ ቀን እንደምንም ቢታለፍ እንኳ የከርሞው መኸር አብሮ ጠፍቷል። ከመቶ ዓመት በፊት በሩሲያ፣ በቮልጋ ወንዝ ዳርቻ የሚኖሩ በሚሊዮን የሚቆጠሩ ገበሬዎች የደረሰባቸው ይኸው ነበር። ለእነዚህ ገበሬዎች ሲሉ የመንግሥታትን ደጅ የጠኑትን ኖርዌያዊ የሕይወት ታሪክ እንደሚከተለው በአጭሩ እናቀርባለን። ዘመኖቹ በሙሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ዶ/ር ፍሪድትዮፍ ናንሰን በ1861 ዓ.ም. በኖርዌይ ዋና ከተማ አቅራቢያ ተወለዱ። በሙያቸው የእንስሳት ሳይንስ ተመራማሪ ነበሩ። በ1888 ከአምስት ጓደኞቻቸው ጋር በበረዶ የተሸፈነችውን የግሪንላንድ ደሴት በእግርና በበረዶ መንሸራተቻ አቋረጡ። ጉዞውን የጀመሩት ሰው ከማይኖርበት ከምሥራቁ ጠረፍ ሲሆን፣ ይህንንም ያደረጉት ወደኋላ መመለስ እንዳይታሰብ ብለው ነው። ከ1893 እስከ 1896 ደግሞ ፍራም በተባለች መርከብ ወደ ሰሜን ዋልታ ያደረጉት ጉዞ ስማቸውን በዓለም ሁሉ አስጠራው።

ኖርዌይ በ1905 ከስዊድን ጋር ከነበራት ኅብረት በሰላም ስትለይ ዶ/ር ናንሰን ትልቅ ድርሻ ነበራቸው። ከ1906 እስከ 1908 በለንደን የአገራቸው መልእክተኛ ሆነው ሠሩ። በአንደኛው የዓለም ጦርነት የኖርዌይ ሕዝብ የምግብ እጥረት ሲገጥመው ወደ አሜሪካ ሄደው እህል የሚገኝበትን ስምምነት ተዋዋሉ።

ጦርነቱ ካበቃ በኋላ በሩሲያና በሌሎች አገሮች የቀሩ የጦር ምርኮኞች ብዙ ነበሩ። የመንግሥታት ማኅበር (ሊግ ኦፍ ኔሽንስ) በ1920 ኃላፊነቱን ለዶ/ር ናንሰን ሰጣቸው። እርሳቸውም በሁለት ዓመት ያህል ጊዜ ከ400,000 በላይ ምርኮኞችን ወደየአገራቸው እንዲመለሱ አደረጉ።

ከሁሉ የከበደው ሥራ የመጣው በ1921 ነው። ሩሲያ በዓለም ጦርነት፣ በአብዮትና በእርስ በርስ ጦርነት ተዳክማ ነበር። አዲሱ የቦልሼቪክ መንግሥት ለሠራዊቱና ለከተማው ቀለብ ሲል የገበሬውን እህል በግዳጅ ስለወሰደ በጎተራ የቀረ ጥሪት አልነበረም። በዚህ ላይ ድርቅ ሲጨመር ሕዝቡ ሣርና የዛፍ ቅርፊት እስከ መብላት ደረሰ። በነሐሴ ወር የቀይ መስቀል ማኅበራትና ሌሎች ድርጅቶች በጄኔቭ ተሰብስበው ዶ/ር ናንሰንን የዕርዳታው ከፍተኛ ኮሚሽነር አድርገው መረጧቸው። እርሳቸውም ሞስኮ ሄደው ከመንግሥቱ ጋር ተዋዋሉ።

በመስከረም በመንግሥታት ማኅበር ጉባኤ ፊት ቀርበው 5 ሚሊዮን ፓውንድ ብድር ጠየቁ። ገንዘቡ የአንድ የጦር መርከብ ዋጋ ግማሽ ያህል ብቻ መሆኑን አስረዱ። በአሜሪካ ገዢ ያጣ እህል ተትረፍርፎ፣ በአርጀንቲና በቆሎ እንደ ማገዶ እየነደደ፣ መርከቦች ሥራ ፈትተው ቆመው፣ በቮልጋ ሰው በረሃብ እንደሚያልቅ ተናገሩ። መንግሥታቱ ግን ዕርዳታው ቦልሼቪኮችን ያጠናክራል በሚል ጥያቄውን ሳይቀበሉት ቀሩ።

ዶ/ር ናንሰን ተስፋ ቆርጠው አልተቀመጡም። በዚያው ዓመት መጨረሻ ወደ ቮልጋ ሄደው ረሃቡን በዓይናቸው አዩ፤ ፎቶግራፍም አነሱ። ከዚያም ከከተማ ወደ ከተማ እየዞሩ ሥዕሉን ለሕዝብ እያሳዩ መዋጮ ጠየቁ። መንግሥታት የከለከሉትን ተራው ሰው ሰጠ። ጦርነትን አጥብቀው የሚቃወሙት ኩዌከሮች በቡዙሉክ፣ የእንግሊዝ የሕፃናት አድን ድርጅት በሳራቶቭ ምግብ አደሉ። ከሁሉ የሚበልጠውን ሥራ የሠራው በኸርበርት ሁቨር የሚመራው የአሜሪካ የዕርዳታ አስተዳደር ሲሆን፣ በ1922 ክረምት በየቀኑ ከ10 ሚሊዮን በላይ ሰዎችን ይመግብ ነበር። የአሜሪካ ምክር ቤት የመደበው 20 ሚሊዮን ዶላር ከምግብ እህል ሌላ ለዘርም ጭምር ዋለ። እንዲያም ሆኖ 5 ሚሊዮን ያህል ሰው እንዳለቀ ይገመታል። ዕርዳታው ፈጥኖ ቢደርስ ኖሮ ከእነዚህ ብዙዎቹ በተረፉ ነበር።

ዶ/ር ናንሰን የቦልሼቪኮች መሣሪያ ሆነዋል እየተባሉ ተወቅሰዋል። መንግሥቱም ረሃቡ ገና ሳይጠፋ እህል ወደ ውጭ መሸጥ መጀመሩ ለጋሾችን አስቆጥቶ ነበር። እርሳቸው ግን የተራበ ሕፃን በገዢዎቹ ፖለቲካ አይጠየቅም የሚል እምነት ነበራቸው።

በ1922 መጨረሻ የኖቤል የሰላም ሽልማት ተሰጣቸው። ገንዘቡን ለዕርዳታ ሥራ አዋሉት፤ ከዚሁም በሳራቶቭ አውራጃና በዩክሬን ሁለት የማሳያ እርሻዎች ተቋቋሙ። ዓላማው ገበሬው ዘመናዊ የእርሻ መሣሪያና የተሻለ አሠራር በዓይኑ አይቶ እንዲማር ነበር። ዕርዳታ የዕለት ረሃብ ያስታግሣል፤ ዳግመኛ እንዳይመጣ የሚያደርገው ግን የእርሻ መሻሻል መሆኑን ተረድተው ነበርና።

በዚያው ዓመት አገር አልባ ለሆኑ የሩሲያ ስደተኞች የናንሰን ፓስፖርት የተባለውን የጉዞ ሰነድ አስገኙ። በኋላም ለአርመን ስደተኞች ብዙ ደከሙ። በ1930 በ68 ዓመታቸው ሲያርፉ ሥርዓተ ቀብራቸው የተፈጸመው በኖርዌይ የሕገ መንግሥት በዓል ዕለት ነው።

የተከበራችሁ አባላትና የሥራ ኃላፊዎች፣ በ1921 በዓለም ላይ እህል አልጠፋም ነበር። የጠፋው እህል ካለበት ወደሌለበት በጊዜ የሚያደርስ ስምምነት ነው። የዩኒየናችንን የምሥረታ በዓል ስናከብር ለክፉ ቀን የምናስቀምጠው እህል፣ ለአባላት በወቅቱ የምናደርሰው ምርጥ ዘርና ማዳበሪያ የዚህ ጥያቄ መልስ መሆኑን እናስታውስ። መልካም በዓል!