ኤሚሊያኖ ዛፓታ

ኤሚሊያኖ ዛፓታ በ1879 ዓ.ም. (እዚህ የተጻፈው ዘመን ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው) በሜክሲኮ አገር፣ በሞሬሎስ ግዛት፣ አኔኔኩይልኮ በምትባል መንደር ተወለደ። ቤተ ሰቦቹ ጥቂት መሬትና ከብት የነበራቸው ገበሬዎች ሲሆኑ፣ እርሱም ፈረስ በመግራት የታወቀ ነበረ።

የመንደሩ ሰዎች ከእስፓኝ ገዥዎች ዘመን ጀምሮ በጋራ የያዙት መሬት ነበራቸው። በ1856 የወጣው ሕግ ግን የጋራ ይዞታ በግል እንዲከፋፈል አዘዘ። የሕጉ አሳብ ትንንሽ ባለርስቶችን ለማብዛት ነበረ፤ የሆነው ግን ተቃራኒው ነው። በፕሬዚዳንት ፖርፊሪዮ ዲያዝ ዘመን የባቡር ሐዲድ ተዘርግቶ የስኳር ንግድ ስለ ደራ፣ የሸንኮራ አገዳ ባለጸጎች መሬቱንም ውሃውንም እየገፉ ወሰዱ። ገበሬውም በአባቱ ማሳ ላይ ጭሰኛና የቀን ሠራተኛ ሆነ።

በ1909 የመንደሩ ሰዎች የሠላሳ ዓመቱን ዛፓታን አለቃ አድርገው መርጠው፣ የጥንቱን የመሬት ሰነድ አስረከቡት። አቤቱታው ሰሚ ሲያጣ መሣሪያ አነሣ። በ1911 ዲያዝ ወደቀ። አዲሱ መሪ ማዴሮ ግን አስቀድሞ ትጥቅ እንዲፈታ፣ የመሬቱም ጉዳይ ቀስ ብሎ በሕግ እንዲታይ ስለ ፈለገ፣ ዛፓታ በዚያው ዓመት በኖቬምበር ወር የአያላን ዐዋጅ አወጣ። ዐዋጁም የተነጠቁ መንደሮች መሬታቸውን ወዲያው እንዲይዙ፣ ከትልልቆቹም ርስቶች ሢሶው በካሣ ተወስዶ መሬት ለሌለው እንዲታደል ወሰነ።

በ1914 መጨረሻ ከፓንቾ ቪያ ጋራ ዋና ከተማውን ቢይዝም፣ ዛፓታ ወንበሩን አልፈለገም። ወደ ሞሬሎስ ተመልሶ መሬቱን ያድል ጀመረ። ድንበሩን የለኩት ከእርሻ ትምህርት ቤት የወጡ ወጣቶች ነበሩ። የተማረ ሰው ቀጥ ያለ መስመር ይወዳል፤ ዛፓታ ግን መንደርተኛው ድንበር ነው ያለውን ጠማማ የድንጋይ ካብ ጠምዘዝ ባለበት ሁሉ ተከትለው እንዲለኩ አዘዛቸው።

በኤፕሪል 10 ቀን 1919 የከዳ መስሎ የቀረበው ኮሎኔል ጓሃርዶ ቺናሜካ ላይ አታሎ አስገደለው።

ጥያቄው ግን አልተቀበረም። የ1917ቱ ሕገ መንግሥት በ27ኛው አንቀጽ የመሬት ክፍፍልን ፈቅዶ ነበር፤ ፕሬዚዳንት ካርዴናስም ከ1934 እስከ 1940 ድረስ 18 ሚሊዮን ያህል ሄክታር አደለ። ሆኖም ገበሬው መሬቱን ሊሸጠውም በዋስትና ሊያስይዘውም አይችልም ነበር፤ ብድሩም ከመንግሥት ባንክ ነበረ፤ ማኅበሩም በ1938 ከገዥው ፓርቲ ጋራ ተጣመረ። ያ ፓርቲ ከ1929 እስከ 2000 ድረስ ሲገዛ አንዱ ምሰሶው ይኸው ገበሬ ነበረ።

በእኛም አገር ተማሪዎች በ1965 መሬት ለአራሹ ብለው ተሰለፉ፤ የ1975ቱ ዐዋጅ ጭሰኝነትን ሽሮ መሬቱን የሕዝብ አደረገ፤ መሸጥንም ከለከለ። እንግዲህ የዛፓታን ሕይወት የሚያነብ ተማሪ ሁለት ጥያቄ ይጠይቅ፦ መሬቱን ማን ያርሰዋል? ማኅደሩስ በማን እጅ ነው? ዛፓታ ሰነዱን ከመንደሩ ተቀብሎ የታገለው ሁለቱም በመንደሩ እጅ እንዲሆኑ ነበረ።